ላብ፣ ወዝና ጠረን በየስማቸው ይጠሩ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የጋዜጣዎን የጤና ዓምድ አዘውትሬ አነባለሁ። ሥራዬ ሥነ ሕይወት ማስተማር በመሆኑ በዓምዱ የወጣ ጽሑፍ ብዙ ሳይቆይ በተማሪዎቼ አፍ ተመልሶ ወደ እኔ ይመጣል፤ «ጋዜጣው እንዲህ ይላል» ከተባለ ደግሞ የመምህሩን ማብራሪያ የሚያምን ተማሪ ጥቂት ነው። በቅርቡ ስለ ላብ የወጣው ጽሑፍም በዚሁ መንገድ ክፍሌ ደረሰ። ጽሑፉ ላብን «የሰውነት ቆሻሻ መውጫ» ብሎ ይጠራዋል፤ ብዙ ያላበው ሰው ብዙ መርዝ ማስወገዱን ይነግረናል፤ ወረድ ብሎ ደግሞ ይኸው ላብ የመጥፎ ጠረን ምንጭ ስለሆነ ንጽሕናውን የሚጠብቅ ሰው እንዳያልበው መጠንቀቅ እንዳለበት ይመክራል። ሁለቱ ምክሮች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ የተነሡበት ሐሳብም ትክክል አይደለም። የስሕተቱ ሥር፣ እኔ እንደማየው፣ ላብን፣ ወዝንና ጠረንን አንድ አድርጎ መጻፍ ነው፤ አማርኛችን ሦስቱን ለይቶ እያወቃቸው የጤና ጽሑፋችን ሲያደባልቃቸው ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

የላብ ዋና ሥራ ማቀዝቀዝ ነው። የሰው ሰውነት የውስጥ ሙቀት በ37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ መቆየት አለበት፤ ጡንቻ ሲሠራ ግን ከሚጠቀምበት ጉልበት አብዛኛው ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ሙቀቱ መውጫ ካላገኘ ሰው በራሱ እንቅስቃሴ ይጎዳል። አየሩ ከቆዳችን ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ሙቀቱ በከፊል በራሱ ወደ አየር ይሄዳል። አየሩ ከ35 ዲግሪ አልፎ የቆዳን ሙቀት ሲስተካከል ወይም ሲበልጥ የሚቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በቆዳ ላይ የወጣው ውሃ በሚተንበት ጊዜ ሙቀትን ይዞ መሄዱ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ ይህም በ20 ዲግሪ ላይ ያለን ሰባት ሊትር ያህል ውሃ እስከ መፍላት የሚያደርስ ሙቀት ነው። የሚያቀዝቅዘው መትነኑ መሆኑን ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከግንባር ተንጠባጥቦ መሬት የወደቀ፣ ወይም ገና እንደ ወጣ በፎጣ የተጠረገ ላብ ሰውነትን ውሃና ጨው አሳጣው እንጂ አላቀዘቀዘውም። አየሩ በእርጥበት በተሞላ ጊዜ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ሳለ ሙቀቱ የማይበርድለት በዚሁ ምክንያት ነው። በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ቴርሞሜትር የሚለካው የአየር ሙቀት 35 ዲግሪ ከደረሰ ጤነኛ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ እንኳ ለሰዓታት ሊቋቋመው እንደማይችል ስቲቨን ሸርውድና ማቲው ሁበር በ2010 ባሳተሙት ጥናት አስረድተዋል፤ (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው)፤ ከዚያ ወዲህ በሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም ወሰኑ ከዚህ ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል።

ይህን ጉዳይ በቀላሉ ከሚያስረዱ የጥንት ሙከራዎች መካከል እኔ ለተማሪዎቼ የምመርጠው የእንግሊዛዊውን ሐኪም የቻርልስ ብላግደንን ነው። ብላግደን ከባልደረቦቹ ጋር እጅግ ወደ ጋለ ክፍል እየገባ የተመለከተውን በ1775 አሳትሟል። ሙቀቱ ከፍ ባለበት ሙከራ የክፍሉ አየር ከ120 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ደርሶ ነበር፤ እዚያው የተቀመጠ እንቁላል ጠነከረ፣ ሥጋ በሰለ፣ ሰዎቹ ግን ደቂቃዎችን ቆይተው በደኅና ወጡ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ደግሞ በዚያው ክፍል ያስቀመጠው የውሃ ዕቃ ነው። ውሃው ገላጣ ሆኖ እየተነነ ሳለ የክፍሉ ሙቀት ከመፍያ ነጥብ በላይ ሆኖም አልፈላም፤ ጥቂት ዘይት በላዩ ሲጨመርና ዘይቱ ተንሳፍፎ መትነኑን ሲከለክለው ግን ፈላ። ሰዎቹን ያተረፋቸውም ውሃውን ከመፍላት የጠበቀው ያው መትነን ነበር። ላብን «ቆሻሻ» ብሎ የሚጠራ ሰው ይህን ሙከራ አንድ ጊዜ ቢያስበው ቃሉን የሚያርም ይመስለኛል።

ላብ በፈቃድ የሚታዘዝ ነገር አይደለም። በአንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል የደሙንና የቆዳውን ሙቀት እየተከታተለ በነርቮች አማካይነት የላብ ዕጢዎችን ያዛል፤ ባለቤቱ እንዲያልበው ወይም እንዳያልበው ሊወስን አይችልም። በዚህ ረገድ የአማርኛ ሰዋስው ከብዙ የጤና ጽሑፎቻችን ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ» እንደምንለው ሁሉ «አላበኝ» እንላለን፤ የሚያልበው ሰው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ሆኖ ይገባል፤ አድራጊ ሳይሆን የተደረገበት ነው። የመጠኑን ልዩነትም ቋንቋችን ያውቀዋል፤ ቆዳው ሲወረዛ፣ ግንባሩ ላይ ችፍ ሲል፣ ጀርባውን ሲያጠምቀው፣ በመጨረሻም ሰውየው ላብ በላብ ሲሆን እያንዳንዱን በየደረጃው እንናገረዋለን። እንዲህ ያለ ሀብት ይዘን «ከፍተኛ የላብ መጠን ማመንጨት» እያልን መጻፋችን ያሳዝነኛል። «ማመንጨት» የሚለው ግስ ሰውየውን አድራጊ ያደርገዋል፤ ጥፋተኛም ሊያደርገው ትንሽ ይቀረዋል።

አሁን ወደ ልዩነቱ ልምጣ። በሰው ቆዳ ላይ ከሁለት እስከ አራት ሚሊዮን የሚደርሱ ውሃማ ላብ የሚያወጡ ዕጢዎች አሉ። መላ ሰውነትን የሚያዳርሱ ሲሆኑ በመዳፍና በውስጥ እግር እጅግ ይበዛሉ። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ የገዛ ጣታቸውን ጫፍ በማጉያ መነጽር እንዲመለከቱ አደርጋለሁ። በመጀመሪያ የሚያዩት የጣት አሻራ የምንለውን ሸንተረር ብቻ ነው፤ ጥቂት ታግሠው ሲያዩ ግን በየሸንተረሩ አናት ላይ በረድፍ የተቀመጡ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ነጥቦች ይወጣሉ፤ በሸንተረሮቹ መካከል ባለው ስርጉድ ቦታ አንድም የለም። እያንዳንዱ ነጥብ የአንድ ዕጢ መውጫ ነው። እንግሊዛዊው ነህምያ ግሩ እነዚህን ቀዳዳዎች ሥሎ ያሳተመው በ1684 ነው። የሚያልበው የቆዳ ክፍል የትኛው እንደሆነ በገሃድ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ሩሲያዊው የነርቭ ሐኪም ቪክቶር ሚኖር በ1928 ያሳተመው ዘዴ አለ፤ ቆዳው አዮዲን ይቀባል፣ ከደረቀ በኋላ ስታርች ይነሰነስበታል፣ ላብ በወጣበት ቦታ ሁሉ ዱቄቱ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይሠሩበታል።

ከእነዚህ ዕጢዎች የተለዩ ሌሎች ደግሞ በብብት፣ በብልት አካባቢና በጡት ጫፍ ዙሪያ ይገኛሉ። ሥራ የሚጀምሩት በጉርምስና ዕድሜ ነው፤ ቀዳዳቸው በቀጥታ ወደ ቆዳ ሳይሆን ወደ ፀጉር ሥር ይከፈታል፤ የሚያወጡትም ቅባትና ፕሮቲን ያለበት ወፈር ያለ ፈሳሽ ነው። ይህም ቢሆን ገና እንደ ወጣ አይሸትም። ጠረኑ የሚፈጠረው በቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ፈሳሹን ሲያብላሉት ነው። እንዲያውም ጠረኑ ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ ነው፤ ኤቢሲሲ11 በሚባለው ዘረ መል ላይ ያለ አንድ ለውጥ የጆሮ ኩክን ደረቅ ሲያደርግ የብብት ጠረንንም እጅግ ይቀንሳል፤ ይህ ለውጥ በምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ የበዛ ነው። እንግዲህ እኩል የሚታጠቡና እኩል የሚያልባቸው ሁለት ሰዎች ጠረናቸው እኩል ላይሆን ይችላል፤ ከጠረን ተነሥቶ የሰውን ንጽሕና መፍረድም ተገቢ አይደለም።

ሦስተኛው ወዝ ነው። በፀጉር ሥር ያሉ የቅባት ዕጢዎች የሚያወጡት ይህ ቅባት ቆዳን ያለሰልሳል፣ እንዳይደርቅም ይረዳል፤ ሙቀትን በማውረድ ረገድ ግን የላብን ሥራ አይሠራም። በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ የቅባት ዕጢ ፈጽሞ የለም፤ ስለዚህ እጁን የሚያልበው ሰው መዳፍ ላይ የምናየው እርጥበት ወዝ የሌለበት ላብ ነው። ይህችን አንዲት ምሳሌ ብቻ የያዘ ተማሪ ሁለቱን ዳግመኛ አያምታታም።

«ወዝ» የሚለው ቃል በቀድሞው ጽሑፍ ላብንም እንደሚጨምር አውቃለሁ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ቁጥር 19፣ አዳም እንጀራውን የሚበላው በፊቱ ወዝ ነው። «ወዛደር» የሚለው ቃልም የተሠራው ከዚሁ ነው፤ «ላብ አደር» ደግሞ ወንድሙ ነው፤ ሁለቱም በጉልበቱ የሚያድረውን ሠራተኛ ይጠራሉ። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ግን ወዝ ወደ ቅባቱና ወደ ደማቅነቱ አዘንብሏል። ፊቱ ወዛ ስንል አማረበት፣ ጤና አገኘ ማለታችን ነው፤ ጣዕም ያጣ ንግግርንም ወዝ የለውም እንላለን። ስለዚህ ለጤና ጽሑፍ «ላብ» ለውሃማው ፈሳሽ፣ «ወዝ» ለቆዳ ቅባት፣ «ጠረን» ለሽታው ቢመደቡ ማንንም አያደናግርም፤ አዲስ ቃል መፍጠርም ሆነ ከውጭ መዋስ አያስፈልግም። በዚሁ አጋጣሚ፣ ላቡን ጠብ አድርጎ የሚያድርን ሰው ሲያከብር የኖረ ቋንቋ በማስታወቂያ ገጾች ላይ ያንኑ ላብ የኀፍረት ምልክት ሲያደርገው ማየት እንደሚያሳምመኝ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ወደ «መርዙ» ልመለስ፤ ይህ እምነት የቆየ ታሪክ አለው። ጣልያናዊው ሐኪም ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ በሚዛን ላይ በተንጠለጠለ ወንበር እየተቀመጠ ለሠላሳ ዓመታት ያህል የሚበላውን፣ የሚጠጣውንና ከሰውነቱ የሚወጣውን ሲመዝን ኖረ። የገባውና በዓይን የሚታየው የወጣው ክብደት እኩል አልሆነለትም፤ ብዙው ነገር ሳይታይ ይጠፋ ነበር። በ1614 ባሳተመው ሥራው ይህን ከቆዳና ከትንፋሽ ሳይታወቅ የሚወጣ ትነት መሆኑን አስረዳ። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ሰው ምንም ሳያልበው ተቀምጦ እንኳ በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ በቆዳውና በትንፋሹ እንደሚያጣ እናውቃለን። በዚያ ዘመን የነበረው ሕክምና ግን ይህ ትነት ከታገደ የተበላሸ ነገር በሰውነት ውስጥ ይከማቻል፣ በሽታም ይሆናል ብሎ ያምን ስለነበር በሽተኛን ማስላብ እንደ መድኃኒት ይቆጠር ነበር። የዛሬው «መርዝን በላብ ማስወጣት» የዚያ እምነት ቅሪት ነው።

ላብ ሲመረመር 99 በመቶ ያህሉ ውሃ ሆኖ ይገኛል። የቀረው በዋናነት የገበታ ጨው የተሠራባቸው ሶዲየምና ክሎራይድ፣ ከዚያም ጥቂት ፖታሲየም፣ ላክቴትና ዩሪያ ነው። ደምን የማጣራቱን ሥራ የሚሠሩት ኩላሊቶች ናቸው፤ የጤነኛ ሰው ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ አጣርተው አብዛኛውን መልሰው ወደ ደም ያስገባሉ። መድኃኒትንና አልኮልን የመሰሉ ነገሮችን የሚሰባብረው ጉበት ነው። አንዳንድ ብረት ነክ ነገሮችና ኬሚካሎች በላብ ውስጥ በጣም በጥቂቱ መገኘታቸው እውነት ነው፤ መጠናቸው ግን ሰውን «ያጸዳል» የሚያሰኝ አይደለም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላብ ሊተካለት ቢችል ኖሮ የደም እጥበት ሕክምና ባላስፈለገ ነበር። ጽሑፋችሁን ያነበበ የኩላሊት ሕመምተኛ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሳስብ እሰጋለሁ፤ ውሃ እያጣ የሚያልበው ሰው ደሙ ወደ ኩላሊት የሚደርስበት መጠን ስለሚቀንስ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ሌላው ጉዳት ላብንና ክብደት መቀነስን አንድ ማድረግ ነው። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ወይም በሙቀት ክፍል ተዘግቶ ያላበው ሰው ሚዛን ላይ ሲወጣ ክብደቱ መቀነሱ እውነት ነው፤ የቀነሰው ግን ውሃ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል። ስቡ አልተነካም። በ1997 መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ትግል ተወዳዳሪዎች የክብደት ምድባቸውን ለማሟላት በዚህ ዓይነት መንገድ ውሃቸውን ሲያስወጡ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሞተዋል። ወጣቶች ነበሩ፣ ስፖርተኞችም ነበሩ። ከዚያ በኋላ የውድድሩ ሕግ ተለውጦ የጎማ ልብስና የሙቀት ክፍል ተከለከሉ። በጋዜጣ ላይ «ላብዎን ያውጡ፣ ክብደትዎን ይቀንሱ» ብሎ መጻፍ ቀላል ስሕተት አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ፍርሃትና ስለ ላብ ጥቂት ልጨምር። ጃፓናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ያስ ኩኖ በሙቀት ምክንያት የሚወጣውንና በስሜት ምክንያት የሚወጣውን ላብ ለይተው ካጠኑት ቀዳሚው ነው። የስሜቱ ላብ ጎልቶ የሚታየው በመዳፍ፣ በውስጥ እግር፣ በብብትና በፊት ላይ ነው፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ይወጣል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ይቆማል። «ውሸት መርማሪ» የሚባለው መሣሪያ ከሚመዘግባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የጣት እርጥበት በቆዳ ላይ የሚያመጣው የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። መሣሪያው የሚያውቀው የሰውየው ስሜት መነሣሣቱን ነው፤ ውሸታሙን እውነት ተናግሮ ከሚጨነቀው አይለይም። ጋዜጦች ስለ ፍርድ ቤት ውሎ ሲጽፉ «ተከሳሹን ላብ ሲያጠምቀው ታይቷል» የሚሉት ነገርም አንባቢን ወደ ፍርድ ይመራዋልና ቢቀር እወዳለሁ።

ምንም ሳይፈሩና ሳይሞቃቸው የሚያልባቸው ሰዎች አሉ። ካስተማርኳቸው አንዲት ልጅ ፈተና ስትጽፍ ከእጇ ሥር የታጠፈ መሐረብ ታደርግ ነበር፤ መሐረቡን ያነሣች እንደሆነ ወረቀቱ ረጥቦ ይጨማደዳል፣ ቀለሙ ይሰራጫል፣ እስክሪብቶውም ከጣቶቿ መካከል ይንሸራተታል። እጅ ለመጨባበጥ የመጣ ሰው ሲቀርባት መዳፏን በፍጥነት በቀሚሷ ትጠርግ ነበር። መልሶቿ ትክክል ነበሩ፤ ጽሑፏ ግን በየቦታው ደብዝዞ የሚነበበው በጭንቅ ነበር፤ ፈተናውን ያረመ አንድ ሌላ መምህር «ዝርክርክ» ብሎ ነጥብ ቀንሶባታል። ይህ ሕመም ስም ያለው፣ የሚታወቅ፣ ሕክምናም ያለው ነው። ያለ ሌላ በሽታ የሚመጣው ዓይነት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ወይም በጉርምስና ነው፤ በሁለቱም እጅ፣ በሁለቱም እግር ወይም በሁለቱም ብብት እኩል ይታያል፤ በቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል፤ ሌሊት ሲተኙ ይጠፋል። ዕጢዎቹ በቁጥርም በቅርጽም ከሌላው ሰው አይለዩም፤ ከልክ ያለፈው የሚመጣላቸው የነርቭ ትእዛዝ ነው። በቆዳ ላይ የሚቀባ አልሙኒየም ክሎራይድ፣ እጅና እግርን ውሃ ውስጥ አድርጎ ቀላል የኤሌክትሪክ ኃይል ማሳለፍ፣ የነርቩን ትእዛዝ ለወራት የሚያግድ የቦቱሊነም መርፌ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለከባድ የብብት ላብ በ2004 የፈቀደው) እና የሚዋጡ መድኃኒቶች አሉ። ነርቩን የመቁረጥ ቀዶ ሕክምናም አለ፤ ነገር ግን ከእጅ የቀረው ላብ በጀርባና በሆድ ላይ በርትቶ ሊወጣ ስለሚችል ሐኪሞች የመጨረሻ አማራጭ ያደርጉታል። እንዲህ ላለው ሰው «ራስህን አረጋጋ»፣ «ቶሎ ቶሎ ታጠብ» የሚለው ምክር አይጠቅመውም፤ ያሸማቅቀዋል እንጂ።

የገበያውን አጠራርም አንሥቼ ልለፍ። ብዙዎቻችን ብብት ላይ የሚደረገውን ሁሉ ዲዮድራንት እንለዋለን፤ ነገር ግን አንዱ ጠረን መከላከያ ሲሆን ባክቴሪያውን ያዳክማል ወይም ሽታውን ይሸፍናል፣ ላቡን አይነካም፤ ሌላው ላብ መከላከያ ሲሆን በውስጡ ያለው የአልሙኒየም ጨው የዕጢውን ቀዳዳ ለጊዜው ይደፍነዋል። ላቡ የበዛበት ሰው የመጀመሪያውን ገዝቶ «አልሠራልኝም» ቢል ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፤ ልዩነቱን የነገረው ሰው አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ በዓምዱ እንዲሰፋ የምሻው፣ ላብ ስለ በሽታ የሚነግረን ነገር ነው። ትኩሳት ይዞት የቆየ ሰው ሲያልበው «ላብ ወጣለት፣ ተሻለው» እንላለን። አባባሉ ስሕተት የለበትም፤ አንጎል የሙቀቱን ልክ ወደ ቀድሞው ሲመልስ ትርፉ ሙቀት የሚወጣው በላብ ነውና። ላቡ የመሻሉ ውጤት ነው፤ መሻሉን የሚያመጣው ግን እርሱ አይደለም። ስለዚህ «ላብ እንዲወጣለት» ተብሎ ትኩሳት ያለበትን ሕፃን በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ መደራረብ ሙቀቱን ይጨምርበታል። ድንገት የሚመጣ ቀዝቃዛ ላብ ሌላ ነገር ነው፤ ከደረት ሕመም ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ከመንቀጥቀጥና ከግራ መጋባት ጋር ከመጣ የደም ስኳሩ መውረዱን ይጠቁማል። ሁለቱም ደቂቃ የማይሰጡ ናቸው። ሌሊት ሌሊት አንሶላ እስኪርስ ድረስ ማላብ፣ በተለይ ከክብደት መቀነስና ከረጅም ሳል ጋር፣ የሳንባ ነቀርሳን ምርመራ ይጠይቃል፤ የወር አበባቸው በሚቋረጥበት ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ግን ያለ ሌላ በሽታም ሊያልባቸው ይችላል።

አለማላብም ይናገራል። በሥጋ ደዌ የተነካ የቆዳ ክፍል ስሜቱን ሲያጣ ላቡንም ያጣል፤ ዙሪያው ሲረጥብ እርሱ ደረቅ ሆኖ ይታያል። አንዳንድ መድኃኒቶች፣ አትሮፒንና አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒቶች ከእነዚህ መካከል ናቸው፣ ላብን ያግዳሉ፤ እነርሱን የሚወስድ ሰው በኃይለኛ ሙቀት ውስጥ ከሌላው ይበልጥ ይጎዳል። በሙቀት የተመታ ሰው ቆዳው ደረቅ መሆን አለበት የሚለው የተለመደ ትምህርት ግን ሙሉ አይደለም፤ በከባድ ሥራ ወይም በሩጫ ላይ እያለ የሚመታ ሰው ላቡ እየወረደም የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ንግግሩ ከተምታታ ወይም ከወደቀ፣ «እያላበው ነው፣ ደኅና ነው» ተብሎ መጠበቅ የለበትም፤ ወዲያውኑ በውሃ ማቀዝቀዝና ሐኪም መጥራት ያሻል።

የላብ ጨውም የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ያውቃል። በ1948 ኒው ዮርክን ኃይለኛ ሙቀት በመታት ጊዜ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለው በዘር የሚወረስ በሽታ ያለባቸው ልጆች ከሌሎቹ ይበልጥ ውሃና ጨው እያጡ ሲወድቁ የተመለከተው ሐኪም ፖል ዲ ሳንታኜዜ፣ የልጆቹ ላብ ጨው ከልክ በላይ መሆኑን ከባልደረቦቹ ጋር በ1953 አሳወቀ። ከዚያ በኋላ በ1959 የተዘጋጀው የላብ ምርመራ እስከ ዛሬ በሽታው ከሚረጋገጥባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ነው፤ በላቡ ውስጥ ያለው ክሎራይድ በሊትር 60 ሚሊ ሞልና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ ወደ በሽታው ያመለክታል። ሕፃኑን ሲስሙት ጨው ጨው የሚል ከሆነ ለሐኪም መንገር የሚገባ መሆኑን ስንቱ ወላጅ ከጋዜጣ አንብቦ ያውቃል?

የተከበሩ አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ላብ መርዝን ያስወጣል የሚለው ጽሑፍ በወጣበት በዚያው ዓምድ ላይ እርማት እንዲወጣለት፣ እንዲሁም ወደፊት ስለ ቆዳ የሚጽፉ ባልደረቦችዎ ላብን፣ ወዝንና ጠረንን በየስማቸው እንዲጠሩ። ከእርማቱ ጋር የሚታተም ሥዕል ካስፈለገ፣ በክፍሌ የምጠቀምበትን የሦስቱን ዕጢዎች ሥዕል ከነመግለጫው ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሥነ ሕይወት መምህር